ደመ ከልብ፦ ውሻ፣ ፍርሃትና ያልተጠየቀ ሞት በኢትዮጵያ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ገለጻዬ የሚነሣው ሁላችሁም ከምታውቋቸው ሁለት ቃላት ነው። አንድ ሰው ያለ ፍርድ ሲገደልና ገዳዩን የሚጠይቅ ሲጠፋ «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» እንላለን። ከልብ በግእዝ ውሻ ማለት ነው። ንግግሩ በሐዘን ቤት፣ በፍርድ አደባባይና በፖለቲካ መድረክ ይሰማል፤ በየዘመኑ የወደቁትን የሚያስታውስ ሁሉ «ደማቸው ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር» ይላል። የምንናገረው ስለ ሰው ነው። ነገር ግን ንግግሩ ትርጉም የሚሰጠው አስቀድመን አንድ ነገር ስለተቀበልን ነው፤ ይኸውም የውሻ ደም ሲፈስ ማንም አይጠይቅም የሚለውን ነው።

እኔ ዛሬ ይህንን የተቀበልነውን ነገር በታሪክ ዓይን መመርመር እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ «ውሻን እንውደድ ወይስ አንውደድ» የሚል አይደለም። ጥያቄዬ፦ ደሙ የማይጠየቅ ፍጡር በመካከላችን መኖሩን ስንቀበል፣ ያ ልማድ ተመልሶ ሰውን አልነካም ወይ? የሚል ነው። ለዚህም ሁለት ምስክሮችን አቀርባለሁ። አንደኛው በሩቅ አገር የተሠራ የካርቱን ፊልም ነው፤ ሁለተኛው የራሳችን የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካላልሁ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለት ውሾች ፊልም

እ.ኤ.አ. በ1982 ማርቲን ሮዘን የተባለ አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ በብሪታንያ «ዘ ፕሌግ ዶግስ» የተሰኘ በሥዕል የተሠራ ፊልም አወጣ። ርእሱን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የወረርሽኝ ውሾች» እንደ ማለት ነው። መሠረቱ እንግሊዛዊው ደራሲ ሪቻርድ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ካርቱን ሲባል ለልጆች የተሠራ ማዝናኛ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ይህ ፊልም ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ያንን ግምት ያፈርሰዋል። ራውፍ የተባለ ትልቅ ጥቁር ውሻ በውኃ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል፤ መውጫ የለውም። ኃይሉ እስኪያልቅ ይዋኛል፤ ይሰጥማል፤ ከዚያ አውጥተው ነፍስ ይዘሩበታል። በማግሥቱም ይደገማል። የሚፈለገው እስከ ምን ድረስ እንደሚጸና ለመለካት ነው። ስኒተር የተባለው ትንሹ ጓደኛው ደግሞ ጭንቅላቱ ተከፍቶ አንጎሉ ላይ ቀዶ ጥገና ስለ ተደረገበት ያየውንና ያሰበውን መለየት ተስኖታል።

ሁለቱ ውሾች ከምርምር ጣቢያው አምልጠው በሰሜን እንግሊዝ ተራሮች ውስጥ ይንከራተታሉ። ርሃብ ሲጠናባቸው በግ ይገድላሉ፤ ቀበሮ ወዳጅ አግኝተው የዱር ኑሮ ይማራሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለታሪክ ተማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው። በጣቢያው ውስጥ በወረርሽኝ በሽታ ላይም ምርምር ይካሄድ ስለነበር፣ ያመለጡት ውሾች በሽታውን ተሸክመው ይሆናል የሚል ወሬ ይነሣል። ወሬው ከሰው ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ሹማምንት ይሸጋገራል፤ በመጨረሻ ወታደር ይዘምትባቸዋል። ውሾቹ ወደ ባሕር ይገባሉ፤ ከጉም ባሻገር ደሴት እንዳለ እያሰቡ ይዋኛሉ። ፊልሙ ደሴቱን ደርሰው እንደሆነ ሳይነግረን ያልቃል። በገንዳ ውስጥ ዋና የተጀመረው ታሪክ በባሕር ውስጥ ዋና ይፈጸማል።

አንድ የአሠራር ነገር ልብ በሉ። በዚህ ፊልም ውስጥ የሰዎቹ ፊት አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ የምንሰማው ድምፃቸውን ነው። ሐኪሙ ስለ ሙከራው ቁጥር ያወራል፤ ሹሙ ስለ ኃላፊነት ድንበር ያወራል፤ ጋዜጠኛው ስለ አርእስቱ ያወራል። አንዳቸውም ውሻ የሚጠላ ሰው አይደሉም። ጭካኔው ከአንድ ክፉ ሰው ልብ የሚመነጭ ሳይሆን በብዙ ተራ ሠራተኞች መካከል የተከፋፈለ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ድርሻውን ይፈጽማል፤ ድምሩን ግን ማንም «የእኔ ነው» አይልም። ደመ ከልብ የሚሆነውም እንዲህ ነው፤ ገዳይ ስላልታየ ሳይሆን ገዳዩ ብዙ ስለሆነ ጠያቂ ይጠፋል።

እንስሳ እንደ ጭምብልና እንስሳ እንደ ራሱ

በዚህ ስፍራ አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እንስሳትን የሚያናግር ድርሰት በአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአያቶቻችን የሰማነው የአንበሳ፣ የቀበሮና የጅብ ተረት ሁሉ እንስሳን ያናግራል። የዘመናዊ ቴአትራችንም በኩር በእንስሳት አፍ የተነገረ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርጎ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት የሚተች ነበር። ባለሥልጣናቱ ምሥጢሩን ለመረዳት አልዘገዩም፤ ቴአትሩ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በብሪታንያም ጆን ሃላስና ጆይ ባችለር የጆርጅ ኦርዌልን «የእንስሳት እርሻ» እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ካርቱን ሲለውጡት፣ ገንዘቡ በስውር ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. የመጣ ነበር፤ የመጽሐፉ መጨረሻም ተለውጦ እንስሳቱ በአሳማዎቹ ላይ እንደገና እንዲነሡ ተደረገ። አንዱ መንግሥት የእንስሳት ጨዋታ ከለከለ፤ ሌላው ገዝቶ አረመው። ሁለቱም ግን አውሬው ስለ ሰው እንደሚናገር ያውቁ ነበር።

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ እንስሳው ጭምብል ነው። ጭምብሉን ስናነሣ ሚኒስትር፣ ዳኛ ወይም አምባገነን እናገኛለን። በ«ዘ ፕሌግ ዶግስ» ግን ጭምብሉን ብታነሡ የምታገኙት ያው ውሻ ነው። ራውፍ የማንም ምሳሌ አይደለም፤ የሚሰጥመው እርሱ ራሱ ነው። የታሪክ ጽሑፋችንም ከዚህ ብዙ የሚማረው አለ። በታሪክ መጻሕፍታችን እንስሳት የሚገቡት የንጉሥ ፈረስ፣ የጦር በቅሎ፣ ወይም የምሳሌ አንበሳ ሆነው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት የፈጀው ደስታ በሽታ እንኳ በመጻሕፍቱ የሚታወሰው በሰው ላይ ባመጣው ርሃብ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከብቱን ያልተመለከተ ታሪክ ርሃቡንም በሙሉ ሊያስረዳ አይችልም። ውሻን በተመለከተ ታሪክ በስም የመዘገበው ምናልባት አንድ ውሻ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ። ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጭ የነበሩት ውሾች ስም የላቸውም።

በደጃፍ ያለ ፍጡር

በእኛ ዘንድ የውሻ ቦታ ደጃፍ ነው፤ ከቤት ውጭም አይደለም፣ ከቤት ውስጥም አይደለም። በሃይማኖቶቻችን ትውፊትም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ርኩስ ተብሎ ከመቅደስ ይርቃል፤ ነገር ግን በመጽሐፈ ጦቢት ከጦብያ ጋር ረጅሙን መንገድ የሚጓዝ ውሻ አለ፤ በቁርኣንም ከዋሻው ሰዎች ጋር ደጃፍ ላይ የተኛ ውሻ አለ። ሕዝቡም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲል ታማኝነቱን ያመሰግነዋል፣ ያዋርደዋልም።

ሕጉ ከልማዱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ውሻ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ኃላፊነት አለው፤ ውሻውን የሚያሠቃይም ይጠየቃል። በመንገድ ላይ ግን ከሦስቱ አንዱም ብዙ ጊዜ አይታይም።

እውነተኛው በሽታ

አሁን ወደ ዋናው ምስክር ልለፍ። በፊልሙ ውስጥ ወረርሽኙ ወሬ ነው። ተመልካቹ ውሾቹ ንጹሐን መሆናቸውን ስለሚያውቅ ከእነርሱ ጋር መወገን ይቀለዋል። በእኛ አገር ግን ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ስለዚህ የፊልሙን ትምህርት እንዳለ ተቀብለን «ሰዎች ያለ ምክንያት ፈሩ» ማለት አንችልም። የእብድ ውሻ በሽታ በንክሻ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚጓዝ ቫይረስ ነው። ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ 99 በመቶው በውሻ ንክሻ ነው። ለኢትዮጵያ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት 2,700 ገደማ ነው። ከተነካሾቹም ብዙዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

በሽታው በታሪካችን አዲስ አይደለም። የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍት ለእብድ ውሻ ንክሻ የሚሆን ሥርና ቅጠል ይዘረዝራሉ፤ መድኃኒቱ በመጽሐፍ መግባቱ ራሱ ፍርሃቱ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ያሳያል። በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲስ አበባ ገና የሃያ ዓመት ዕድሜ ሳትሞላ፣ ይህ በሽታ በከተማይቱ ተነሥቶ እንደነበር የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። አዲስ ከተማ ማለት በአንድ ስፍራ የተከማቸ ሰው፣ የተከማቸ ከብት፣ የተጣለ አጥንትና ቆሻሻ ማለት ነው። ያንን ቆሻሻ ቀን ውሻ፣ ሌሊት ጅብ ያጸዳው ነበር። ከተማው ውሾቹን ያበዛቸው በራሱ አኗኗር ነው። ቆይቶ የሚያጠፋቸውም ራሱ ነው።

በግና ፍየል የከፈሉት

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1885፣ ሉዊ ፓስተር በፓሪስ የዘጠኝ ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በእብድ ውሻ ከተነከሰ በኋላ በክትባት አድኖ ነበር። ክትባቱ የተዘጋጀው ከታመሙ ጥንቸሎች ኅብለ ሰረሰር ነው፤ ከዚያም በፊት በብዙ ውሾች ላይ ተሞክሮ ነበር። እንግዲህ «ዘ ፕሌግ ዶግስ» የሚከስሰው የሙከራ ክፍልና የልጆችን ሕይወት ያተረፈው የሙከራ ክፍል ከአንድ የታሪክ ዘር የወጡ ናቸው። ይህንን እውነት ፊት ለፊት ሳይመለከቱ ስለ እንስሳት ጭካኔ መናገር ስብከት ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም።

ይህ ዘር ወደ እኛም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1951 የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ስሙ በተደጋጋሚ ተለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባልም ሰፈሩ እስካሁን «ፓስተር» ይባላል። በዚያ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተመረተው የእብድ ውሻ ክትባት ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፌርሚ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቀየሰው ዓይነት ነበር። አሠራሩ ይህ ነው፦ ቫይረሱ በበግ ወይም በፍየል አንጎል ውስጥ ይገባል፤ እንስሳው ይታመማል፤ ሕመሙ ሲጸና ይታረዳል፤ አንጎሉ ተፈጭቶ በኬሚካል ከተዳከመ በኋላ ክትባት ይሆናል። የተነከሰው ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ በሆዱ ቆዳ ሥር ይወጋል። ክትባቱ ሕይወት አድኗል፤ አልፎ አልፎ ግን በራሱ በታካሚው ነርቭ ላይ ጉዳት ያደርስ ነበር። ከሴል የሚመረቱ፣ አደጋቸው ያነሰና መርፌያቸው ጥቂት የሆነ ክትባቶች ከወጡ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የአንጎሉ ክትባት እንዲቀር ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ አሳስቧል። ድሀ አገሮች ግን አዲሱን የሚገዙበት አቅም ስላነሳቸው በአሮጌው ለብዙ ጊዜ ቆይተዋል፤ እኛም ከእነርሱ መካከል ነን።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በጉን ያረደው ባለሙያ ጨካኝ ነበር ማለት አይቻልም፤ ከደጁ የተነከሰ ልጅ ታቅፋ የቆመች እናት ነበረች። ነገር ግን ከዚህ አንድ የሒሳብ ነገር እንማራለን። በንክሻው ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ፣ ማለትም የበጉ፣ የልጁና የእናቲቱ ስቃይ፣ አስቀድሞ ውሻው ቢከተብ ኖሮ አብዛኛው ባልተከፈለ ነበር። ለሰው የሚሆነውን ክትባት ለማምረት ስንደክም ለውሻው የሚሆነውን የዘነጋነው ለምንድን ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የውሻ ሕይወት ወጪ የሚወጣበት ነገር ሆኖ ስላልታየን ነው። ደመ ከልብ በበጀት ቋንቋ ሲጻፍ እንዲህ ይነበባል።

የመርዙ ሥጋ

ለውሻው የታሰበለት ሌላ ነገር ነበር። በአገራችን ከተሞች የባዘኑ ውሾች ሲበዙ የተለመደው መፍትሔ ሥጋ ውስጥ መርዝ፣ በተለይም ስትሪክኒን፣ አድርጎ ሌሊት በየመንገዱ መበተን ነበር። ስትሪክኒን ጡንቻን እያንዘፈዘፈ ትንፋሽ አሳጥቶ የሚገድል መርዝ ነው፤ ሞቱ ፈጣንም ቀላልም አይደለም። በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ሬሳውን እየተሻገሩ ይሄዱ ነበር። ሬሳውን የበላ አሞራና ጅብም ይሞታል፤ ባለቤት ያለው ውሻም፣ የተከተበ ውሻም ሳይለይ ይሞታል።

የዚህ ዘመቻ ሠራተኞችም እንደ ፊልሙ ሰዎች ፊታቸው አይታይም። አንዱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አንዱ መርዝ ያወጣል፤ አንዱ ሥጋ ይቆርጣል፤ አንዱ ይበትናል፤ አንዱ ጠዋት ይጠርጋል። የተገደሉት ውሾች ቁጥር በሪፖርት ይገባል፤ «ስንት ሰው ከበሽታው ዳነ?» የሚለው ጥያቄ ግን በሪፖርቱ ላይ ቦታ የለውም።

ጥያቄው ቢጠየቅ መልሱ ምን ይሆን ነበር? የሌላ አገር ልምድ ይነግረናል። በኢንዶኔዥያ የፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 በሽታው ሲገባ መንግሥት ከደሴቲቱ ውሾች እጅግ ብዙዎቹን አስገደለ፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ውሻ ሲገደል ምግቡና ቦታው ባዶ ይቀራሉ፤ ያልተከተቡ አዳዲስ ውሾች ይገባሉ። ሰውም ውሻውን ከግድያ ለማትረፍ ወደ ሌላ መንደር ይወስደዋል፤ ከእርሱ ጋር በሽታውም ይሄዳል። በአንጻሩ በላቲን አሜሪካ አገሮች ከእ.ኤ.አ. 1983 ጀምሮ ውሾችን በብዛት የመከተብ ዘመቻ ተካሂዶ በሽታው እጅግ ቀነሰ፤ ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ የሚተላለፈውን የሰው ሞት በማስወገዷ ከዓለም ጤና ድርጅት ቀዳሚውን ማረጋገጫ አገኘች። መመዘኛው ግልጽ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

የራሳችንም ማስረጃ አለ፤ የሚገኘውም ሰው ባልጠበቀው ቦታ፣ በባሌ ተራሮች ነው። ጎልማሶቹ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ዳግመኛም በ2003 እና 2004፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ተሻግሮ ገባበት፤ በሁለተኛው ጊዜ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። የተወሰደው መፍትሔ የእረኞቹን ውሾች መፍጀት ሳይሆን እነርሱንም ቀበሮዎቹንም መከተብ ነበር። ይህን ስሰማ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ፤ ብርቅ ለሆነው ቀይ ቀበሮ ሲባል የእረኛው ውሻ ክትባት አገኘ፤ ለእረኛው ልጅ ሲባል ያ ክትባት በየመንደሩ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ቀበሮውን ያዳነውን አልነቅፍም፤ ልጁን የረሳውን እጠይቃለሁ።

ከላንቴ ሲታይ

ነገሩን ወደ ደጃችን ላቅርበው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን፣ በሶዶ መንገድ ስትጓዙ በአባያ ሐይቅ ወገን ሙዝ በሙዝ የሆነችው ላንቴ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ቆላማ ቀበሌ ውሻ ጌጥ አይደለም። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ፣ ፍየሉን ከጅብ የሚጠብቅ የሥራ ባልደረባ ነው። ቀን ከባለቤቱ ጋር ይውላል፤ ሌሊት ይፈታል፤ ከሌሎች ጋር ይቀላቀላል። ባለቤት አለው፣ አጥር ግን የለውም። ስለዚህ «የባዘነ ውሻ» የሚለው የከተማ ቃል ለገጠሩ ውሻ አይስማማም፤ ከተማው ባለቤት የለውም ብሎ የሚገድለው ውሻ በገጠር ቢሆን የአንድ ቤት ጠባቂ ነው።

አሁን አንድ ልጅ ተነከሰ እንበል። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ብዙ አደጋ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ያስፈልጋል። ክትባቱ ያለው በከተማ ነው። በአሮጌው ሥርዓት ወላጅ ለሁለት ሳምንት ከእርሻው መራቅ ነበረበት፤ በአዲሱም መመላለስ አይቀርም። የውኃ ተራው ያልፋል፤ ሙዙ ለገበያ ይዘገያል፤ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ አለ። ንክሻው ትንሽ ከመሰለ፣ ውሻውም የታወቀ የጎረቤት ውሻ ከሆነ፣ ወላጅ በባህል መድኃኒት ተስፋ አድርጎ ቢቆይ አላዋቂነት ብቻ ነው ማለት አንችልም፤ ስሌት ነው፣ የድሀ ስሌት። ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ውኃ ሲያይ መደንገጥ ሲጀምር ወደ ሆስፒታል መውሰዱ ትርጉም አይኖረውም፤ በቤቱ ይሞታል። በቤት የሞተ ደግሞ በመዝገብ አይገባም።

የገለጻዬ መቋጫ ያለው እዚህ ላይ ነው። በመንገድ ላይ በመርዝ የሞተው ውሻና በቤቱ የሞተው ልጅ ሁለቱም ያልተጠየቁ ሞቶች ናቸው። በመርዝ ዘመቻ የውሻውን ደም ላለመጠየቅ የተስማማ ሥርዓት፣ በዚያው እጁ የልጁንም ደም ሳይጠይቅ አልፎታል። 2,700 የምንለው ቁጥር እንኳ ከመዝገብ የተገኘ ቆጠራ አይደለም፤ ባለሙያዎች ከንክሻና ከክትባት ሽፋን ተነሥተው ያሰሉት ግምት ነው። ስሌት ያስፈለገው መዝገብ ስለሌለ ነው። ደመ ከልብ የሚለው ንግግራችን እንግዲህ ምሳሌ መሆኑ ያበቃል፤ በጥሬው ይፈጸማል። በውሻ ምክንያት የሞተው ልጅ እንደ ውሻው ጠያቂ አጣ።

በዚህ ምድር ለዚህ ጉዳይ የሚሆን የአሳብ ቅርስ አለን። በጋሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ጎሜ የሚባለው እሳቤ ሰው ወጉን ሲጥስ ጥፋቱ በራሱ ላይ ብቻ ሳይቀር በቤተሰቡ፣ በከብቱና በመሬቱ ላይ እንደሚመጣ ያስተምራል። ሕመም ወይም ሞት ሲመጣ ሽማግሌዎች የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ተጣሰ? ማን ጣሰ?» የሚል ነው፤ ነገሩም በዱቡሻ፣ በአደባባይ፣ በሁሉ ፊት ይታያል። ጎሜ ስለ ቫይረስ አያውቅም፤ ክትባትንም አይተካም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ያውቃል፤ ያለ ምክንያት የሚያልፍ ሞት እንደሌለ፣ የሰውና የእንስሳ ጤናም አንድ መዝገብ ላይ እንደሚጻፍ ያውቃል። ዛሬ የጤና ምሁራን «አንድ ጤና» ብለው በዓለም ጉባኤዎች የሚያስተምሩት እሳቤ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉት፣ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የቃል ታሪክ እንሰብስብ። በላንቴ፣ በጫኖ፣ በጨንቻ ደጋ ላይ ያሉ አረጋውያን ስለ እብድ ውሻ ዘመናት፣ ስለ መድኃኒት አዋቂዎች፣ በበሽታው ስለሞቱ ሰዎች ያስታውሳሉ። ይህ ትውስታ ሰዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ስሙን፣ ዘመኑን፣ ስፍራውን መመዝገብ ያልተጠየቀውን ሞት የመጠየቅ መጀመሪያ ነው። ስትሰበስቡ ግን የሐዘን ቤት መሆኑን አትርሱ፤ ሳይፈቀድላችሁ አትጻፉ።

ሁለተኛ፣ የማዘጋጃ ቤቶችን መዛግብት እንመርምር። ስንት ውሻ ተገደለ፣ ስንት ብር ወጣ፣ በዚያው ዓመት ስንት ሰው ተነከሰ? ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጥናት ለከተማ አስተዳዳሪ ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ይጠቅመዋል። የምንጽፈው ለመክሰስ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ደብዳቤ ሲረቀቅ ጸሐፊው ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው።

ሦስተኛ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የሕዝብ ጤና እና የታሪክ ትምህርት ክፍሎች በየግላቸው የሚያውቁትን አንድ ላይ ያምጡ። የእንስሳት ሐኪሙ ስለ ውሻው፣ የጤና ባለሙያው ስለ ልጁ፣ ታሪክ ጸሐፊው ስለ መዝገቡ ያውቃል። በፊልሙ ውስጥ ጭካኔው የሥራ ክፍፍል ውጤት እንደነበረ አይተናል፤ እኛም እውቀታችንን እንዲሁ ከፋፍለን ከያዝን ከእነዚያ ፊት አልባ ድምፆች የምንለይበት ነገር ትንሽ ነው።

ፊልሙ ውሾቹን በባሕር ላይ፣ በጉም ውስጥ ትቷቸው ያበቃል። ለኪነ ጥበብ ይህ ይበቃል፤ ተመልካቹ የራሱን መልስ ይዞ ይወጣል። ለታሪክ ግን አይበቃም። ታሪክ ጸሐፊ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ማን እንደሰጠመ፣ የትና መቼ እንደሰጠመ፣ በማን ውሳኔ እንደሆነ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ይህን ስናደርግ ውሻውን ከሰው ጋር አስተካከልን ማለት አይደለም። የሁለቱንም ሞት ከመዝገብ ያወጣውን ልማድ ጠየቅን ማለት ነው።